ጋሽ ይኑርልን እና የሰንሰለት ማልበሻው

ዓለምን ያስቸገራት ሌባ ነው የሚል ሰው ጋሽ ይኑርልንን አያውቅም። ሌባ ቢያንስ የሰረቀውን ይጠቀምበታል፤ ጫማ ሰርቆ ይጫማዋል፣ ብርድ ልብስ ሰርቆ ይሞቀዋል። ደሜን የሚያፈላው ሌላው ሰው ነው። ሐቀኛው። አንዲት ብሎን ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤቱ ወስዶ የማያውቀው፣ ግን አዲስ ዕቃ እጁ ከገባ ጠቅልሎ፣ ቆልፎ፣ በላዩ ላይ ተኝቶበት፣ እኛም ሞተን እሱም ሞቶ ዕቃው ብቻ በሕይወት እንዲተርፍ የሚታገለው።

ታውቁታላችሁ። የአጎታችሁ ቤት አለ። ሪሞቱ በፌስታል ተጠቅልሎ በላስቲክ ታስሯል፤ ቁልፎቹ ስለማይታዩ ድምፅ እቀንሳለሁ ስትሉ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ሶፋው ከፋብሪካ የመጣበትን ፕላስቲክ እንደለበሰ ነው፤ ስትነሡ ቆዳችሁ እዚያው ይቀራል። እኛ ትምህርት ቤት ደግሞ በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረ። ማይክሮስኮፑን በየቀኑ አየነው፤ በማይክሮስኮፑ ግን ምንም ሳናይ ወጣን። እኔ ትምህርቴን ካቋረጥኩ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ለብቻዬ እያነበብኩ ነው ጥቂት ነገር የገባኝ፤ ከገባኝም አንዱ ይህ ነው፦ የተቆለፈበት ዕቃ ጨርሶ ከሌለ ዕቃ ይብሳል። ዕቃ የሌለው ሰው ይጠይቃል፣ ይጮኻል፣ አንድ ቀን ይገዛለታል። ዕቃው የተቆለፈበትን ሰው ግን "አላችሁ አይደል እንዴ?" ብለው ይመልሱታል።

የእኛው ሰው የመንገድ ጥገና ጣቢያችን የስቶር ኃላፊ ናቸው። ጣቢያው ከተራራው ግርጌ ነው። ብርዱ ሲገባ ላይኛውን መንገድ በረዶ ይይዘዋል፣ ታችኛው ጭቃ ይሆናል፣ እኛ በገልባጭ መኪና አሸዋ ጭነን ወጥተን እንበትናለን። እኔ ከሾፌሮቹ አንዱ ነኝ። ክቡር የስቶር ኃላፊያችን፣ የብሎን ሁሉ አባት፣ የግሪስ ባላደራ፣ ስም አላቸው፤ ግን በስማቸው የሚጠራቸው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ምን ብትጠይቋቸው መልሳቸው አንድ ስለሆነ ጋሽ ይኑርልን ሆነው ቀሩ። አዲስ ጓንት መጥቷል? "መጥቷል፤ ይኑርልን።" አዲስ መጥረጊያ? "አሮጌው መች አለቀና? ይኑርልን።" መጋዘኑ ውስጥ አዲስ አምፖል ተደርድሮ እሳቸው በባትሪ መብራት ዕቃ ሲፈልጉ በዓይኔ አይቻለሁ። ባትሪውም ያረጀ ነው።

ዝናብ ሲጥል አዲሱን ጃንጥላቸውን ከኮታቸው ሥር ወሽቀው ይሮጣሉ፤ ጃንጥላው እንዳይረጥብ። የጣቢያውን ፒካፕ ሲነዱ ጎማው እንዳያልቅ ቀስ ብለው ነው፤ መንገደኛው ቀብር ያለ መስሎት ባርኔጣውን ያወልቃል። አንድ ጊዜ የገልባጭ መኪና ባትሪ ከመጋዘን ወደ ጋራዥ መሄድ ነበረበት። አዲስ ጋሪ አለን፤ ለዚሁ የተገዛ። ጋሽ ይኑርልን ጋሪው እንዳይጫር ብለው ባትሪውን በገዛ ጀርባቸው ተሸክመው መጡ። ለሳምንት ወገባቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ጋሪው ከነወረቀቱ ጥግ ላይ ቆሞ ያያቸው ነበር። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። በዚያ ሁሉ ንብረት መሃል ያለ ርኅራኄ የሚጠቀሙበት ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ራሳቸው ናቸው።

ቤታቸው ሄጃለሁ። ባለቤታቸው፣ እትዬ የምንላቸው፣ ቀልደኛ ሴት ናቸው፤ ሻይ በቆርቆሮ ኩባያ አቀረቡልን። ቡፌው ውስጥ ወርቅማ ጠርዝ ያላቸው ብርጭቆዎች ተሰልፈው ቁልቁል ያዩናል። "ለእንግዳ ናቸው" አሉ እትዬ ሣቃቸውን አፍነው። እኔ ማን ነኝ ታዲያ አልኩ። "አንተማ ዛሬ የመጣህ እንግዳ ነህ። እነሱ የሚጠብቁት የሚመጣውን ነው።" ጋሽ ይኑርልን አልሳቁም። ብርጭቆ የሚሰበረው በሣቅ መሃል ነው ብለው ነገሩን።

ታዲያ ያ የሰንሰለት ማልበሻ መሣሪያ የወደቀው እንዲህ ያለ ሰው እጅ ላይ ነው።

ከባድ መኪና በረዶ ላይ የሚወጣው ጎማው ላይ የብረት ሰንሰለት ሲታሰርለት ነው። ሰንሰለቱን ከላይ መጣል ቀላል ነው፤ በውጭ በኩል ያለውን ጫፍ ማያያዝም ቀላል ነው። ጉዱ ያለው በውስጥ በኩል ነው። ከጥንዱ ጎማ ኋላ፣ ምንም በማይታይበት ጥግ፣ የሰንሰለቱን ሁለት ጫፎች አገናኝቶ ማቆላለፍ አለ። ለዚህ ሰው በጀርባው ጭቃ ላይ ይተኛል፣ ክንዱን እስከ ብብቱ በጎማና በብረት መካከል ይሰዳል፣ ጉንጩን ጎማው ላይ ለጥፎ በጣቶቹ ይዳብሳል። ከላዩ ያለው መኪና አሸዋ ሙሉ ነው። መኪናው ትንሽ ከተንሸራተተ ክንዱን ይዞት ይሄዳል።

ማልበሻው ይህን ሁሉ የሚያስቀር ነው። ረጅም የብረት ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ መንጠቆ፣ ወደ እጅ በኩል ደግሞ ማጥበቂያና ማላሊያ እጀታ አለው። ውጭ ቆማችሁ ዘንጉን ትሰዳላችሁ፣ መንጠቆው የሰንሰለቱን ጫፍ ይይዛል፣ ትስቡታላችሁ፣ እጀታውን ትጫናላችሁ፣ አለቀ። ማንም አይተኛም። የማንም ክንድ የትም አይገባም። ይህን ዕቃ ያሰበውን ሰው ባገኘው ግንባሩን እስመው ነበር። ከዚያ የት እንዳዋሉት ነግሬው አብረን እናለቅስ ነበር።

በመጣበት ቀን ጋሽ ይኑርልን ማሳያ አዘጋጁ። በጠራራ ፀሐይ፣ በደረቅ ሲሚንቶ ላይ፣ ሞተሩ በጠፋ መኪና። መጀመሪያ ጎማውን አሳጠቡን። ከዚያ እጃችንን በሳሙና አስታጠቡን። አንዱ ሾፌር ጥፍሩ ሥር ግሪስ ተገኝቶበት ከሰልፍ ወጣ። መሣሪያው ሠራ፤ እንዴት እንደሠራ! ሁላችንም አጨበጨብን። እሳቸውም አጨበጨቡ። ከዚያ ጠረጉት፣ ዘይት ቀቡት፣ በብርድ ልብስ ጠቀለሉት፣ ከመጣበት የእንጨት ሣጥን ውስጥ አስተኝተው ቆለፉበትና ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። ከዚያ ወዲያ ያየነው በየሳምንቱ አውጥተው ዘይት ሲቀቡት በመስኮት ነው።

ዝናብ ሲሆን ሄደን እንጠይቃለን። "በዚህ ጭቃ? ይዝጋል።" ደረቅ ሲሆን እንጠይቃለን። "መሬቱ ደረቅ ነው፤ ሰንሰለት ምን ያደርግላችኋል?" ልብ በሉ፤ ሰውየው ቂል አይደሉም። ሁለቱም መልሳቸው ለየብቻው ትክክል ነው። አብረው ሲቀመጡ ነው ሰው የሚገድሉት። አለቃችን ዘንድ ሄጄ ጮኽኩ። አለቃችን ዝግ ባለ ድምፅ ከዚያ ስቶር አንድ ዕቃ ጠፍቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አያውቅም አልኩ። ታዲያ ምን ትፈልጋለህ አለኝ። እንዲጠፋ ነው የምፈልገው! አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አለቃችን እኔን ሲያይ መሳቢያውን ይቆልፋል።

ያለ ማልበሻ እንዴት ትሠሩ ነበር ትሉኝ ይሆናል። በመቃ ነው የምንሠራው። መቃ ከእኔ ጋር መኪና ላይ የሚወጣ ባልደረባዬ ነው፤ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ነው እንዲህ ያልነው። ክንዱ እዚያ ሥር ከማንም ክንድ አልፎ ይደርሳል። ስለዚህ የሁሉም መኪና ሰንሰለት የእሱ ዕዳ ሆነ፤ ከየአቅጣጫው "መቃ!" ይባላል፣ መቃ ይተኛል። አይከፋውም። "እናቴ የሰጠችኝ ማልበሻ ነው" እያለ ይቀልዳል። ሚስቱ በቅርቡ ወልዳለች፤ ሕፃኗ ከመቃ ግራ ክንድ ሌላ የትም አትተኛም። ጠዋት ልወስደው ስሄድ ሚስቱ በር ላይ ቆማ "ሌላውን ብትረሳው ግድ የለም፣ ክንድህን ይዘህ ና" ትለዋለች። እሱ ይስቃል። እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞራለሁ፤ የሚሰድደው ያንኑ ክንዱን ነዋ።

ያን ቀን በረዶው ከጠዋት ጀምሮ ሲወርድ ውሎ ከቀትር በኋላ እንድንወጣ ታዘዝን። መቃ አሸዋውን ሲያስጭን እኔ ወደ ስቶር ሄድኩ። ጋሽ ይኑርልን አንድ ብሎን በጨርቅ እየወለወሉ ነበር።

"ጋሽዬ፣ ማልበሻውን ይስጡኝ።"

በሸሚዛቸው ላይ ቁልፉን ዳበሱት። "ልጄ፣ ዛሬ እኮ በረዶ ነው።"

"ለበረዶ ነው የተሠራው።"

"ይበላሽብናል። ደግሞ መቃ አለ አይደል?"

ያቺ "መቃ አለ" የምትለዋ ነገር እንደ ሚስማር ገባችብኝ። መጮኽ ፈልጌ ነበር፤ ድምፄ ግን ዝቅ ብሎ ነው የወጣው።

"ብረቱ ቢሰበር ሌላ ይመጣል። የመቃ ክንድ ቢሄድስ? ትርፉን የትኛው መደርደሪያ ላይ ነው ያስቀመጡት?"

ብሎኑን እንደያዙ ቀሩ። በሩን ወርውሬው ወጣሁ። ሁልጊዜ በር ሲወረወር "በሩን ቀስ!" የሚል ድምፅ ይከተላል፤ ጠበቅኩት፣ አልመጣም። ደግ አደረግኩ አልኩ በልቤ።

ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ያለው ኩርባ ላይ ቆምን። የፊት ጎማዎቹን እንዳይንሸራተቱ ታኮ አስደገፍኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ቀኙን ጥንድ ጎማ ጨረስን። በግራ በኩል መቃ እንደልማዱ ጆንያ አንጥፎ ተኛ፣ ክንዱን ሰደደ፣ ጉንጩን ጎማው ላይ ለጠፈ። ስለ ሕፃኗ የሆነ ነገር እያወራኝ ነበር። ከታኮው አንዱ ሥር ያለው በረዶ ተሰነጠቀ። መኪናው ብዙ አልሄደም፤ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ወሬው መሃል ላይ ተቋረጠ።

አልጮኸም። "ያዘኝ" አለ ብቻ።

ሰንሰለቱ ተወጥሮ የእጁን አንጓ ከጎማው ጋር አጣብቆታል። መኪናውን ወደፊት ብነዳው ክንዱን ጠቅልሎ ያስገባዋል፤ ወደኋላ ብለቀው ጎማው ይወጣበታል። ሰንሰለቱን ማላላት የሚቻለው ከውስጥ ነው፤ ከውስጥ የሚደርሰው ክንድ ደግሞ የተያዘው ክንድ ነው። ሌላ ታኮ ጨመርኩ። በእጄ ሞከርኩ፤ አልደረሰም። በጎማ መፍቻው ብረት፣ በሎሚስት፣ ሞከርኩ፤ የሚይዝበት መንጠቆ የለው፣ ይንሸራተታል። የመገናኛ ሬዲዮውን ይዤ ማልበሻውን አምጡ፣ ማልበሻውን አምጡ አልኩ። ምን ስድብ እንደጨመርኩበት ጣቢያው ያስታውሰኛል፤ እዚህ አይጻፍም። ከሥር ጎንበስ ብዬ ሳያቸው የመቃ ጣቶች መልካቸውን መለወጥ ጀምረዋል። "እንዳታያቸው" አልኩት። "አንተ ነህ የምታያቸው፤ እኔማ የት ይታየኛል" አለኝ።

ሬዲዮውን ገና ሳላስቀምጥ ከታች በኩል የሚጮኽ ሞተር ሰማሁ። የጣቢያው ፒካፕ ነው። ያ ቀብር የሚመስለው ፒካፕ ጭቃውን ግራና ቀኝ እየረጨ፣ በኩርባው እየተወናጨፈ መጣ። በሩ ተከፈተ፤ ጋሽ ይኑርልን ሣጥኑን ታቅፈው ወረዱ። ጥሪዬን ሰምተው ቢነሡ ኖሮ በዚያ ሰዓት ገና ከጊቢው ባልወጡ ነበር። ልክ እኛ ስንወጣ ተከትለውናል ማለት ነው። ለምን እንደሆነ ኋላ ጠይቄያቸው ነበር፤ "ዕቃው ላይ ጭቃ እንዳታስነኩት ልቆጣጠር ብዬ ነው" ነው ያሉኝ።

ቁልፉን ከአንገታቸው በጠሱት። በረዶ የገባበት ጓጉንቸር እምቢ አለ። ሣጥኑን መሬት ላይ ጣሉት፣ አንድ ታኮ የሚያህል ድንጋይ አነሡና ክዳኑን ሁለት ጊዜ መቱት። ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ የሚዘጋን ሰው የሚቆጡ ሰውዬ። ብርድ ልብሱ አንድ ወገን፣ ሣጥኑ አንድ ወገን ሆነ። ዘንጉን ይዘው በዚያ ንጹሕ ቱታቸው ጭቃው ውስጥ ከመቃ ጎን ተጋደሙ፤ ውጭ መቆሙ ቀርቷል፣ የመቃ ክንድ የት እንዳለ ማየት ነበረባቸው።

መንጠቆው ያዘ። እጀታውን ተጫኑት፤ ሰንሰለቱ ንቅንቅ አላለም። እኔም ደርቤ ልጫን ስል "አንተ እሱን ያዝ!" ብለው ገፈተሩኝ፤ የመቃን ትከሻ ያዝኩ። እንደገና ተጫኑት፣ በሙሉ ክብደታቸው። ዘንጉ ሲጎብጥ ሰማነው፤ ብረት ሲጎብጥ የሚያወጣው ክፉ ድምፅ አለ። አልተዉትም። ሰንሰለቱ ላላ። መቃን ስቤ አወጣሁት።

ፒካፑን እኔ ነዳሁ። መቃ መሃል፣ እሳቸው በሩ ጋ። የመቃን እጅ በብብታቸው ሥር አስገብተው ይዘውት ነበር፤ እንዲሞቅ። "ጣትህን አንቀሳቅስ" ይሉታል። "እያንቀሳቀስኩ ነው" ይላል። "አልተሰማኝም፤ እንደገና።" ትንሽ እንደወረድን ድንገት ትዝ ብሎኝ መሣሪያውን ጭቃው ላይ ትተነው መጣን እኮ አልኩ። ከዚህ በኋላ ያለውን የተናገሩት ሰውዬ እሳቸው መሆናቸውን ለማመን ዞሬ አይቻቸዋለሁ።

"ተወው እሱን። ንዳ።"

ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሟ የመቃን ጣቶች አንድ በአንድ አጠፈች፣ ዘረጋች። አጥንቱ ደህና ነው፤ ያብጣል፣ ጥቂት ጊዜ ያመዋል፣ ይድናል አለች። መቃ የመጀመሪያ ጥያቄው ሕፃን መያዝ ይቻል እንደሆነ ነበር። እኔና ጋሽ ይኑርልን ኮሪደሩ ላይ ቆመናል። ግድግዳውን ተደግፈው፣ አንድ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ ጭቃ የለበሰ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩና ቀስ ብለው "አየህ? ለዚህ ቀን ነበር ያስቀመጥኩት" አሉ።

"ይህ ቀን የመጣውስ ስላስቀመጡት አይደለም እንዴ?"

ዓይናቸውን ሰበሩ። ያልኩትን ግን መልሼ አልወስደውም። ይህን የምጽፈው ነገሩ ደህና አለቀ ተብሎ እንዳይተረክ ነው። ዘይት በየሳምንቱ የተቀባ ዕቃ የመቃን ክንድ አወጣ፤ እውነት ነው። ያ ዕቃ መኪናዬ ላይ ቢሆን ኖሮ ክንዱ መች ይገባ ነበር? ምስጋናውን ከመስጠታችሁ በፊት ይህን ጥያቄ መልሱልኝ።

እንዲያም ሆኖ ገልባጩን ላመጣ ስመለስ፣ ሳይመሽብኝ፣ እዚያ ጭቃ ውስጥ በጉልበቴ ሄጄ ዘንጉን ፈለግኩት። እየተሳደብኩ ነው የፈለግኩት። ግማሹ ተቀብሮ፣ እንደ ቀስት ጎብጦ አገኘሁት። በገዛ ስካርፌ ጠርጌ ወንበሩ ላይ አጋደምኩት። ለምን አትበሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት የስቶሩን በር ገፍቼ ገባሁና ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩት። የሚወዱት ሰው አስከሬን የቀረበላቸው ያህል ይሆናሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። በቀኝ እጃቸው አነሡት፣ ጉብጠቱን አዩት፣ መልሰው ወደ እኔ ገፉት።

"እዚህ ምን ይሠራል? ብየዳ ቤት ያቅኑልህና መኪናህ ላይ ይሁን።"

ያን ሁሉ ጊዜ ስጮኽበት የኖርኩትን ነገር ብሎን እንደመስጠት ሰጡኝ፤ ያውም ጎብጦ። ሰው ሊጣላ ታጥቆ መጥቶ የሚጣላበት ነገር ሲያጣ እንዴት እንደሚቆም ታውቃላችሁ። ልወጣ ስል ነው ግራ እጃቸው ከጠረጴዛው ሥር አለመውጣቱን ያየሁት።

ምን ሆነ አልኩ። ምንም አሉ። ጎትቼ አወጣሁት። መዳፋቸው ጋራዥ ውስጥ እጅ በምንጠርግበት አሮጌ ጨርቅ ታስሯል፤ ደምና ግሪስ ደርቆበታል። ዘንጉ ሲጎብጥ እጀታው ሸርክቶታል። ትናንት ሐኪሟ ፊት ለፊት ቆመው ኪሳቸው የከተቱት እጅ ይህ ነው። እኔ የመቃን ጣት ስቆጥር እሳቸው ኪሳቸው ውስጥ ይደሙ ነበር።

ቀና ስል ልክ ከራሳቸው በላይ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ቀይ መስቀል ያለበት የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን አለ። ማሸጊያው አልተነካም።

"ጋሽዬ፣ እሱ ምንድን ነው?"

ወደ ላይ አዩ። "እሱማ ሰው የተጎዳ እንደሆነ ነው።"

ሣጥኑን አወረድኩ። ማሸጊያውን ፊታቸው ላይ ቀደድኩት፤ ድምፁን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጨርቁን ፈታሁ፣ ቁስሉን አጠብኩ፣ ያን ነጭ አዲስ ፋሻ አወጣሁና መጠቅለል ጀመርኩ።

"ትንሽ ይበቃል ልጄ።" ጠቀለልኩ። "እዚያ ጋ ቁረጠው።" ጠቀለልኩ። "ኧረ አዲስ ነው፣ ምን ነካህ?"

ዝም እንዲሉ ነገርኳቸው። የማውቀውን ስድብ ሁሉ፣ ስለ አምፖሉም፣ ስለ ጋሪውም፣ ስለዚያ ማይክሮስኮፕም ሳይቀር፣ አንድ በአንድ እያወረድኩባቸው መዳፋቸውን ጠቀለልኩ፣ አንጓቸውን ጠቀለልኩ፣ ክንዳቸውን ጠቀለልኩ። ክርናቸው ጋ ስደርስ ፋሻው አለቀ። ሁለተኛውን ከፈትኩ።